ከሁለቱ አንዱ ልጅ መሆን አለበት

የስሜት ብስለት የሚባለው ሰው የተሰማውን ስሜት ለይቶ ማወቁ፣ ስሜቱ ሳይነዳው ጥቂት ታግሦ ማሰቡና የሌላውን ሰው ሐዘንና ደስታ ከራሱ ጋር እኩል መመዘን መቻሉ ነው፤ ይህ ችሎታ ከዕድሜ ጋር ይመጣል ተብሎ ቢታመንም፣ ከዕድሜ ጋር ያለ ጥርጥር የሚመጣው ሽበት ብቻ መሆኑን ትዳር የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ልጅ በወለዱ ሁለት ወጣቶች መካከል አንደኛው በሳል ሆኖ ሌላኛው ገና በመንገድ ላይ ሲሆን፣ የሚፈጠረው ክፍተት ለባለቤቶቹ ጭንቀት፣ ለጎረቤት ወሬ፣ ለቴሌቪዥን ደራሲ ደግሞ የዓመት ቀለብ ይሆናል።

ቀለቡ የሚሰፈርበት ዕቃ ሲትኮም ይባላል። ሲትኮም የማይለወጡ ሰዎች በማይለወጥ ሥፍራ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሶፋ ዙሪያ፣ በየሳምንቱ አዲስ ችግር እየገጠማቸው ተመልካቹን የሚያስቁበት አጭር ተከታታይ ኮሜዲ ሲሆን፣ በአሜሪካ ልማድ ማስታወቂያው ሲቀነስ 22 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የዚህ ጥበብ ያልተጻፈ ሕግ፣ ሰዎቹ በመጨረሻው ደቂቃ ወደ ተነሡበት መመለስ አለባቸው የሚል ነው፤ ባል በ22ኛው ደቂቃ ጥፋቱ ገብቶት ሚስቱን ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሚስት ትታረቃለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን የገባው ነገር ሁሉ ወጥቶለት እንደ አዲስ ያጠፋል። ባልየው አንድ ቀን ተምሮ ቢቀር ኖሮ ተዋንያኑም ጸሐፊዎቹም ሥራ በፈቱ ነበርና፣ በሲትኮም ዓለም የሰው ልጅ እንዳይበስል የሚከፈለው ደመወዝ ቀላል አይደለም።

ለዚህ ነገር ከቅርብ ጊዜ ሥራዎች ሁሉ የሚመቸው፣ ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ማሳየት የጀመረው «የጆርጂና የማንዲ የመጀመሪያ ጋብቻ» ነው። ታሪኩ የተቀዳው «ያንግ ሼልደን» ከተባለው ቀዳሚ ተከታታይ ሲሆን፣ ጆርጂ የዚያ የሊቁ ሕፃን የሼልደን ታላቅ ወንድም፣ ትምህርቱን አቋርጦ ገንዘብ ፍለጋ የወጣ የቴክሳስ ጎረምሳ ነው። ማንዲን ሲተዋወቃት ዕድሜው 17 ሆኖ ሳለ 21 ነኝ አላት፤ እርስዋም 29 ሆና ሳለ 25 ነኝ አለችው። እርሱ 4 ዓመት ጨመረ፣ እርስዋ 4 ዓመት ቀነሰች፤ በሁለቱ ውሸት የ12 ዓመት ልዩነት ወደ 4 ዓመት ወረደ፤ እውነቱ የወጣው ልጅ ከተፀነሰ በኋላ ነው። ከዚያም ሴት ልጅ ተወለደች፣ በፍርድ ቤት ተጋቡ፣ የጆርጂ አባትም በድንገት ሞተ፤ አዲሱ ሲትኮም ሲጀምር ሦስቱም በማንዲ ወላጆች ቤት ተጠግተው፣ ጆርጂም በአማቱ የመኪና ጎማ መሸጫ ተቀጥሮ ይገኛሉ።

በዚህ ቤት ልጁ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ የዕድሜው ስሌት መልስ አይሰጥም። ከሁለቱ ትንሹ ጆርጂ ማልዶ ለሥራ ይወጣል፣ ለሚስቱና ለልጁ ቀለብ ይሰፍራል፣ ክብሬ ተነካ ብሎ ግን ለቀናት ያኮርፋል፤ የአባቱንም ሐዘን እንዴት እንደሚያዝን ስለማያውቅ በሥራና በቀልድ ይሸፍነዋል። ታላቋ ማንዲ ነገሩን በቃል አስረድታ መናገር ትችላለች፣ ይሁን እንጂ እናቷ በር ላይ ብቅ ባለች ቁጥር ዕድሜዋ ከ30 ዓመት ወደ 15 ዓመት ያሽቆለቁላል። እያንዳንዳቸው በአንዱ ክፍል ትልቅ፣ በሌላው ክፍል ትንሽ ናቸው፤ ደራሲዎቹ የሚደነቁትም ይህን ሳያስተካክሉ በመተዋቸው ነው። «የመጀመሪያ ጋብቻ» የሚለው ርእስ ራሱ የሚያስቀው፣ ተመልካቹ ጆርጂን እ.ኤ.አ. በ2018 «ዘ ቢግ ባንግ ቲዮሪ» በተባለው ሌላ ኮሜዲ ላይ ጎልማሳ የጎማ ነጋዴ ሆኖ አይቶት የትዳሩን መጨረሻ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው።

የልጅነቱ ድርሻ በሲትኮም ታሪክ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1957 በተላለፈው «አይ ላቭ ሉሲ» ሕፃኗ ሚስት ነበረች፤ ሉሲ ከባሏ ተደብቃ ታጠፋለች፣ ስትያዝ ድምፅዋን አውጥታ ታለቅሳለች፣ ባሏ ሪኪ ደግሞ እንደ አባት ይገሥጻታል። እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 1953 ሉሲ ስትወልድ ያየው ሕዝብ ወደ 44 ሚሊዮን ይገመታል፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ የሰበሰበው ጣቢያ ግን «አረገዘች» የሚለው ቃል በአየር ላይ እንዳይውል ከልክሎ ነበርና፣ ከባልና ሚስቱ ይልቅ በስሜት ያልበሰለው ጣቢያው ነበር ማለት ይቻላል። ከ40 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በተጀመረው «ኤቭሪባዲ ላቭስ ሬይመንድ»፣ ዘውዱ ወደ ባል ዞሯል፤ ሬይመንድ የሦስት ልጆች አባት ሆኖ ከእናቱ ፊት ቆሞ «አይሆንም» ማለት ያልቻለ ሰው ሲሆን፣ ሚስቱ ዴብራ አራተኛ ልጅ የምታሳድግ ትመስላለች። ሴቶች ከቤት ውጭ ሠርተው መግባት ሲጀምሩ ሞኝ ሚስት ማየት አላስቅ አለ፤ ሞኝ ባል ግን እስካሁን ያስቃል፤ ምናልባትም የሚያስቀው፣ ዕቃ አጠባ የማይችል ሰው ዕቃ እጠብ ስለማይባል፣ ሞኝነቱ ያን ያህል ሞኝነት ስላልሆነ ይሆናል።

ይህን የመጨረሻ ጥርጣሬ በሥርዓት ያስቀመጠው ሙሬይ ቦወን የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1990 የኖረው ቦወን፣ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ተጣብቆ ሳይዋጥ፣ ተቆርጦም ሳይጠፋ በራሱ ስሜትና በራሱ ሐሳብ የመቆም አቅሙን ራስን መለየት ብሎ ሰየመው፤ ቀጥሎም ብዙ ሚስቶችን ያላስደሰተ ነገር ተናገረ፤ ሰዎች በዚህ አቅም ከእነርሱ ጋር እኩል የሆነውን ሰው መርጠው ያገባሉ አለ። በእርሱ አስተያየት አንዷ በስላ ሌላው ጥሬ መስሎ የሚታየው፣ አንዷ ከድርሻዋ በላይ ስትሸከም ሌላው በዚያው ልክ እየተወ ስለሚሄድ ነው፤ ሌሊት ለልጁ የምትነሣው እናት ትልቅ ትመስላለች፣ የሚያንኮራፋው አባት ትንሽ ይመስላል፣ እርስዋ በተነሣች ቁጥር የእርሱ እንቅልፍ ይጠነክራል። ቦወን ጨምሮ እንደሚለው፣ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ውጥረት በሁለቱ ላይ ብቻ ስለማይጸና ሦስተኛ ሰው ይጎትታል፤ ይህን ሦስት ማዕዘን ብሎ ጠራው። በቴክሳሱ ቤት ሦስተኛዋ ማዕዘን አማቲቱ ኦድሪ ናት፤ አማችዋን አትወደውም፣ አለመውደዷንም በቁርስ ሰዓት ታስታውሰዋለች።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፣ የሀገሪቱ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ድራማ ቢያሳይም፣ ሁለት ወጣት ወላጆች ብቻቸውን ተፋጠው የሚውሉበት ሲትኮም መለያው ሆኖ አያውቅም። የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» ለዓመታት የታየ የቤተሰብ ኮሜዲ ነው፤ ነገር ግን ቤቱ ከእነ ስሙ የብዙ ሰው ቤት ነው፤ ወላጅ፣ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ደጅ የሚመላለስ እንግዳ ሁሉ አለበት፤ ሳቁም ከባልና ሚስት ኩርፊያ ይልቅ ከሳሎኑና ከጓዳው ግጭት የሚፈልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። «ምን ልታዘዝ» ደግሞ ጭራሹን ከቤት ወጥቶ ካፌ ገብቷል። ይህ የደራሲዎች ድክመት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ በዚህ ሀገር ባልና ሚስት ብቻቸውን የሚሆኑበት ቤት መኖሩን ተመልካቹ ራሱ አያምንም።

አለማመኑ ሥር አለው። በወሎ ምድር፣ በደላንታ፣ በዋድላና በላስታ ደጋ በቆየው ልማድ ጋብቻ ሁለት ሰዎችን ሳይሆን ሁለት ቤተሰቦችን የሚያገናኝ ጉዳይ ስለነበር፣ የሙሽሮቹን ብስለት የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ የሚጠየቀው የሽማግሌዎቹ ብስለት ነበር። በሰማንያ ጋብቻ፣ ማለትም ባልና ሚስት ሀብታቸውን በውል እኩል አድርገው በሽማግሌ ፊት በሚፈራረሙት ጋብቻ፣ ሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል፤ ባል ቢያጠፋ ዋሱ ይጠየቃል። ሙሽራው ጎጆ ወጣ ቢባል እንኳ ጎጆው ብዙ ጊዜ የሚቀለሰው ከአባቱ ግቢ ውስጥ ወይም ከግቢው አጠገብ ስለሆነ፣ ኩርፊያው ሳይበርድ እናት ጢሱን አይታ ትደርሳለች። የመጀመሪያውን ልጅ ሚስት እናቷ ቤት ሄዳ ትወልዳለች፤ አራሷ ገንፎዋን እየበላች፣ ሕፃኑ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ሞልቶ ክርስትና እስኪነሣ፣ በሙስሊሙም ዘንድ በሰባተኛው ቀን የሚታረድለት አቂቃ እስኪወጣ፣ ሌሊት የሚነሡት ባለ ልምድ ሴቶች ናቸው። ባል ቅቤና ማር አስይዞ ይጠይቃል፣ ይመረቃል፣ ይመለሳል። በእነዚያ ሳምንታት ማንም ስለማይፈትነው ማንም አይወድቅም።

የቴክሳሱ ጆርጂም ሚስቱን ተከትሎ የመጣው ወደ እናቷ ቤት ነው፤ ልዩነቱ ልብሱን ይዞ መጥቶ እዚያው መቅረቱ ነው። በወሎ ገጠር ዓይን ይህ ከዕድሜው ውሸት ይልቅ የከፋ ነገር ነው፤ ወንድ ልጅ ሚስቱ ቤት ገባ ከተባለ ቢያርስም ቢነግድም ስሙ አይነሣም፤ ከአማት ጋር በአንድ ማዕድ ሲቀመጥም አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ጎርሶ መነሣት ይጠበቅበታል። ጆርጂ ግን የአማቱን ማቀዝቀዣ ያለ ፈቃድ ይከፍታል። በደላንታ አንድ ትዕይንት የማይሞላ ታሪክ በአሜሪካ ሙሉ የሥርጭት ዘመን የሚፈጀው በእንዲህ ያለው ድፍረት ነው።

አሮጌውን ሥርዓት ማመስገን ግን ከልክ እንዳያልፍ ያስፈልጋል። ያ ሥርዓት ክፍተቱን የሸፈነው ራሱ ከፍቶት ነውና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15፣ ወንድ በ18 ዓመት እንዲያገቡ ሲፈቅድ፣ ልጅቱ ከወንዱ 3 ዓመት ቀድማ ለትዳር ትደርሳለች ብሎ በአንቀጽ መፍረዱ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ሁለቱንም ወደ 18 አስተካከሉ። ልማዱ ግን ሕጉን ለማንበብ አልቸኮለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ25 ዓመት በላይ ያሉ ሴቶች መጀመሪያ ያገቡበት መካከለኛ ዕድሜ 17.1፣ የወንዶቹ ደግሞ 23.7 ሆኖ ተመዝግቧል። የቴክሳሱ ልዩነት ሴቷን ታላቅ፣ የሀገሩ ልዩነት ሴቷን ታናሽ አድርጎ ነው የሚጀምረው፤ በቤት ውስጥ ትልቅ ሰው እንድትሆን የምትጠበቀው ግን በሁለቱም ቦታ ያችው ሴት ናት። ዕድሜን በማስተካከል ረገድም ገጠሩ ከጆርጂ የተሻለ ዕድል ነበረው፤ የልደት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለነበር፣ ከዚያ በፊት ልጅቱን 18 ለማድረስ የአባት ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፣ ልጅቱም አትጠየቅም ነበር።

ሥርዓቱ የተነቃነቀበት ቦታ ወገል ጤና ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከላስታ በስተደቡብ፣ ከበሽሎ ሸለቆ በላይ በደጋው ላይ የተቀመጠችው ይህች የደላንታ ከተማ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ስሟ እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ከገብስና ከባቄላ አልፎ ብዙም አልተሰማም። በዚያ ዓመት ግን በገደሉ ወገብ ላይ፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ንጣፍ ውስጥ፣ ኦፓል ተገኘ። ኦፓል በብርሃን ሲገላበጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም የሚረጭ የከበረ ድንጋይ ነው፤ የከበረ ድንጋይ አጥኚዎች የወገል ጤናን ኦፓል ውኃ ጠጪ ይሉታል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃውን ስቦ ይጠራል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ተመልሶ ይመጣል። በገመድ ታስሮ ገደል የሚወርደው፣ ጉድጓድ ገብቶ የሚቆፍረው፣ ከነጋዴ ጋር የሚከራከረው አብዛኛው ወጣት ነው።

የኦፓል ገንዘብ ከእርሻ ገንዘብ የሚለየው በብዛቱ ብቻ ሳይሆን አባትን ሳያማክር በመምጣቱ ነው። መሬት የአባት ነው፣ በሬ የአባት ነው፣ ኦፓል ግን የቆፈረው ነው፤ በ20 ዓመቱ ደህና ድንጋይ የሸጠ ልጅ ጎጆውን ከአባቱ ግቢ መቀለሱን ትቶ ከተማ ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ይከራያል፣ አልጋና ቴሌቪዥን ይገዛል፣ ሚስት ያመጣል። የመጀመሪያው ልጅ ከተወለደና አራሷ ከእናቷ ቤት ከተመለሰች በኋላ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሕፃኑ ሲያለቅስ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ከሦስቱም አንዱ አልቃሹ ነው። የቦወን ቲዮሪ ወሎ የሚገባው በዚህ ሰዓት ነው። ሚስት ትነሣለች፣ ባል ይገላበጣል፤ እርስዋ ትበስላለች፣ እርሱ ጥሬ ይሆናል፤ በማግሥቱም ባል ለጓደኞቹ ሚስቱ ነገረኛ ሆና እንደ መጣች ይናገራል።

ይህ ወጣት ግን ትዕግሥት የሌለው ሰው አይደለም። ርጥብ ኦፓል አይቶ ዋጋ አይቆርጥም፤ የጠጣው ውኃ ክብደቱን እንደሚያሳስት፣ ቀለሙም ተደብቆ እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ሰዓትም ይፍጅ ቀን ጠብቆ ሲደርቅ ይመዝነዋል፤ ነጋዴ ቢያጣድፈው እንኳ አይሸነፍም። እንግዲህ ይህ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ስታለቅስ ሲያገኛት፣ እንባዋ እስኪደርቅ ሳይጠብቅ «ምን ሆንሽ፣ በቃ ተናገሪ!» ብሎ ያፋጥጣታል፤ ዝም ስትል ደግሞ በሩን ዘግቶ ይወጣል። ችሎታው እንዳለው ገደሉ ይመሰክርለታል፤ ወደ ቤት ይዞት እንዲመጣ የጠየቀው ሰው ግን የለም። አባቱም ወደ ቤት አላመጣውም ነበር፤ እናቱና አያቱ ስለነበሩ ማንም አላስተዋለውም እንጂ።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የቴክሳሱ ቤት ለወገል ጤና ተከራዮች እንግዳ ቤት አይሆንም፤ እንዲያውም ለጆርጂና ለማንዲ የተሰጣቸውን፣ እነርሱ ያጡትን ነገር ያዩበታል፤ ጭቅጭቅ በተነሣ ቁጥር በሩን ሳያንኳኳ የሚገባ ሽማግሌና አማት አለና። የአሜሪካ ሲትኮም ደራሲ ይህን የሚያደርገው ለሳቅ ነው፤ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሲጨቃጨቁ 22 ደቂቃ ማሳቅ እንደማይቻል ያውቃል። የደላንታ ገበሬም ለሌላ ምክንያት ከዚያው መደምደሚያ ደርሶ ነበር፤ ሁለት ወጣቶች ብቻቸውን ሲጨቃጨቁ ቤት እንደማይቆም ያውቅ ነበር። ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩበት ነጥብ አንድ ነው፤ ሲትኮሙ ጣልቃ ገቡን የሚያስገባው ክፍተቱ እንዳይዘጋ ነው፣ ሽማግሌው የሚገባው ክፍተቱ እንዳይታይ ነው። ሰዎቹ ራሳቸው እንዲዘጉት የሚጠብቅ ወገን በሁለቱም በኩል አለመገኘቱ፣ ለቦወን ባይዋጥለትም፣ ለብዙ ዘመን ሁለቱንም ሥራ አላስፈታም።

የጆርጂና የማንዲ ጉዳይ በደላንታ ሽማግሌዎች ፊት ቢቀርብ አካሄዱን መገመት አይከብድም። ጋቢያቸውን አጣፍተው ከዛፍ ሥር ከተቀመጡ በኋላ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ፍቅር ወይም ስለ ብስለት ሳይሆን ዋሶቹ እነማን እንደሆኑ ነው፤ ዋስ የለም ሲባሉ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። የዕድሜው ክስ ሲነሣ ፍርዱ ፈጣን ይሆናል፤ እርሱ 4 ጨምሯል፣ እርስዋ 4 ቀንሳለች፣ ዕዳው ተቻችሏል፣ ካሣ የለም። የሌሊቱን ልቅሶ በተመለከተ ለአንድ ወር አያት ትምጣ ይላሉ፤ አያቲቱ ከመጀመሪያውም እዚያው ቤት ያለችው ኦድሪ መሆኗ ሲነገራቸው፣ አማች ከአማቱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ለምን እንደሚያድር የሚያስረዳ ሰው እንዲቀርብ ያዝዛሉ። የሚያስረዳ ሲጠፋ ደግሞ ከመካከላቸው አንጋፋው ጉሮሮውን ጠርጎ ነገሩ ከባድ መሆኑን፣ በአንድ ቀን ማለቅ እንደሌለበትም ይገልጻል፤ ለመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይቀጠራል፤ ትርኢቱ የሚተላለፈው ሐሙስ ማታ ስለሆነ ሁለቱ ቀጠሮዎች አይጋጩም።